አንድ ፖይንት፣ ዘጠና ገጽ

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር የሕይወት ታሪካቸውን ሊያሳትሙ መጡ። መጠኑ ኤ5፣ የኤ4 ወረቀት ግማሽ፣ 96 ገጽ፤ ዋጋውን የተስማማነው በገጽ ነው። የመጀመሪያውን ፕሪንት አገላብጠው አዩና "ልጆች፣ መስመሮቹ ተፋፍገዋል፤ ትንሽ ፈታ አድርጉልኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። የእኛ ፊደል አብዛኛው ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ፣ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የመስመር ርቀት ለአማርኛ ይጠባል።

ሌይአውት የምትሠራው ባልደረባዬ ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ የመስመሩን ርቀት፣ ሊዲንግ የምንለውን፣ ከ12 ፖይንት ወደ 13 አደረገችው። አንድ ፖይንት እኮ የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ብትሆን ነው። መጽሐፉ ግን ተነፍቶ ወደ 190 ገጽ ተጠጋ።

መምህሩ አጠገቧ ቆመዋል። "የኔ ልጅ፣ ፈታ አድርጊው አልኩ እንጂ ሌላ መጽሐፍ ጨምሪበት መች አልኩ?" በገጽ የሚከፍል ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚጠረጥር መገመት አያቅትም።

እኛ ቤት ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከሰሰው ፎንት ነው። ኒያላ የሚባለውን ፎንት በሌላ ቀየርን፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራን፤ ያው። ከወዲያ ጥግ አንዱ "ቫይረስ ነው" ብሎ ፈረደ። እሷ ግን ዝም ብላ ቁጥሩን ትነካካለች። 12 ስትለው መስመሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። 12.1 ስትለው ይዘላል። "ፎንት አይደለም" አለች፤ "ፎንት ቢሆን ትንሽ በትንሽ ነበር የሚሰፋው። ይሄ እየዘለለ የሆነ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው።"

ከዚያ ቤዝላይን ግሪድ የሚባለውን እንዲታይ አደረገችው። ገጹ በቀጫጭን መስመሮች ተሞላ፤ በየ12 ፖይንቱ አንድ። ጽሑፉ አንዱን እየዘለለ በሁለተኛው ላይ ተቀምጧል። ለካ የአንቀጹ ስታይል ከግሪዱ ጋር እንዲሰለፍ ታዟል! 13 የሆነ መስመር 12 ላይ ማረፍ ስለማይችል ቀጣዩን፣ ማለትም 24ን ይጠብቃል።

ትእዛዙ የመጣው ከሰኔው የምርቃት መጽሔት ነበር። ማተሚያ ቤት ውስጥ አዲስ ሥራ በአዲስ ፋይል የሚጀምር ሰው ብርቅ ነው፤ ያለፈው ይከፈትና ጽሑፉ ጠፍቶ ሌላው ይገለበጥበታል። ባለ ሁለት ዓምድ መጽሔት ላይ የግራና የቀኝ መስመሮች እኩል እንዲሄዱ ግሪዱ ያስፈልግ ነበር። ጽሑፉ ሲጠፋ ሴቲንጉ አልጠፋም።

እኔ ብሆን ማሰለፉን አጥፍቼ እገላገል ነበር፤ በአንዲት ቁልፍ የሚያልቅ ነገር ነው። እሷ አልፈለገችም። መምህሩ የመረጡት 60 ግራም ወረቀት ስስ ስለሆነ የጀርባው ገጽ ጽሑፍ ያሳልፋል፤ መስመር በመስመር ላይ ካልተቀመጠ ክፍተቱን ያቆሽሸዋል። ስለዚህ ግሪዱን ራሱን በየ13 ፖይንቱ አደረገችው። ለርዕሶቹ ብቻ ማሰለፉን አነሳች።

መጽሐፉ 104 ገጽ ላይ ቆመ። መምህሩ ግን ገና አላመኑንም። እስክሪብቶ አወጡና የፕሪንቱ ጀርባ ላይ አሰሉ፦ ከ12 ላይ 1 ተጨመረ፣ 96 ለ12 ሲካፈል 8። ቀና አሉና፣ "የስምንቱን እከፍላለሁ" አሉ፤ "ግን ቅናሽ አድርጉልኝ፤ አስደንግጣችሁኛል።"