ቃር ቤታችን ውስጥ ሦስት መልክ ነበረው

ቃር መጀመሪያ የያዘኝ በእርግዝናዬ 7ኛ ወር ላይ ነው። ጋደም ስል ከደረቴ ሥር የሚያቃጥል ነገር ተነስቶ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። አፌን ይመረኛል። «ጨጓራዬ ነው» ብዬ ዝም አልኩ።

ሐኪሟ ምልክቱን ጠይቃኝ ብቻ ደረሰችበት። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ያንን ጡንቻ ያላላዋል፤ ማህፀንም ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋዋል። አሲዱ መውጫ ያገኛል።

ትራስ ደራርቤ ነበር የምተኛው። ለካ ትራስ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል! ከፍ ማለት ያለበት የአልጋው ራስጌ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። በራስጌ በኩል ካሉት የአልጋው እግሮች ሥር ጣውላ አደረግን። በግራ ጎኔ መተኛት ጀመርኩ። እራቴን ከመኝታዬ 3 ሰዓት ቀደም አደረግኩ። ሲብስብኝ የሚታኘክ የካልሲየም ካርቦኔት ኪኒን ተፈቀደልኝ። ስወልድ ቃሩ ለቀቀኝ።

ከዚያ የልጄ ቅርሻት መጣ። በጠባ ቁጥር ትከሻዬ ይርሳል። እኔን የረዳኝ እሱንም ይረዳዋል ብዬ የአልጋውን ራስጌ ላነሳ ስል የሕፃናት ሐኪሙ ከለከለኝ። ሕፃን ቅርሻት ቢኖረውም የሚተኛው በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ነው። ያዘነበለ መኝታ ላይ ተንሸራቶ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ክብደቱን ነበር። በደንብ ይጨምራል፤ ስለዚህ መድኃኒት አላዘዘም። ካጠባሁት በኋላ አስገስቼው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጥ አድርጌ እይዘው ነበር። ዓመት ሳይሞላው ተወው። አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ በኃይል የሚወረወር ትውከት ሲታይ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ነው።

የእናቴ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዕድሜዋ 68 ነው። ደረቷን አቃጥሏት አያውቅም። ሌሊት ደረቅ ሳል ያስላታል፣ ጠዋት ድምጿ ይሻክራል። እኔ ለወራት የሳል ሽሮፕ ሰጠኋት። ቆይታ «ምግብ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል» አለች። ያን እንደሰማሁ ልወስዳት ይገባ ነበር፤ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ።

በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ የማቃጠሉ ስሜት ሊደበዝዝ፣ ጉዳቱ ግን ሊከፋ ይችላል። ለመዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ጥቁር ሰገራ ካለ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ውስጡን ማየት) ያስፈልጋል። የእናቴ ሳልም ከዚሁ አሲድ ነበር፤ የምግብ ቧንቧዋ ቆስሎ ነበር። ካንሰር አለመሆኑን ስሰማ አለቀስኩ። ለደም ግፊቷ የምትወስደው ኒፌዲፒንም ያንኑ ጡንቻ ያላላል ተባልን፤ ሐኪሙ በሌላ ተካላት።

የጨጓራ አሲድን የሚቀንስ ኦሜፕራዞል የተባለ መድኃኒት ለ8 ሳምንት ታዘዘላት። ወር ሊሞላ ሲል ለውጥ የለም። ለካ የምትውጠው በመኝታ ሰዓት ነው! መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ከቁርስ በፊት 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ሲወሰድ ነው፤ አሲድ የሚያመነጩት ህዋሳት በብዛት የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነውና። ሰዓቱን ስናስተካክል ሳሉ እየቀነሰ ሄደ። ሲያበቃም በአንዴ አላቆመችም። በድንገት ሲተው አሲዱ ለጊዜው በዝቶ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ ቀስ በቀስ አስቀነሳት።

አሁን ስደውልላት ከሰላምታው ቀጥሎ «እማዬ፣ ምግቡ ሲወርድ ይይዝሻል?» እላታለሁ።