ከአልጋ ሥር የተቀመጠው ምጣድ

ባሏ ለሞተባት አንዲት እናት መጀመሪያ የገዛንላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። ሦስት ቤተሰብ አዋጥተን፣ ከነአክንባሎው በባጃጅ ጭነን፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ወደተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ወሰድነው። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፣ ልጆቿን ታስተምራለች፣ በዓመቱም እኛ መርቀን እንለያታለን። ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ይሳካልኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሄድ ምጣዱ ጆንያ ለብሶ ከአልጋው ሥር ገብቷል። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ፣ ቆጣሪው አንድ ነው፤ አከራዩ ምጣድ የሚባል ነገር እንዳይሰካ ከጥንትም ከልክለዋል። እሷም ታውቃለች። ታዲያ ስንገዛ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ "እትዬ፣ ደግ ላሰበ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?" አለችኝ።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው። ባሏ የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሲሆን እድር አልነበራቸውም፤ የሰፈር ሰው አዋጥቶ ቀበረው። በቀጣዩ የእድር ስብሰባችን አንድ አዛውንት ተነሥተው "እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን። በቁሙ ሲቸገርስ?" አሉ። በየስብሰባው እንደሚባለው "ድር ቢያብር" ተባለና ተጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ የቀረነው ግን ሦስት ቤተሰብ ነበርን። አንድ ቤተሰብ እንያዝ፣ በየሳምንቱ እየሄድን እንጠይቅ፣ በምክርም በሚያስፈልገውም አንለይ ብለን ጀመርን። ስሟን እዚህ አላነሳም፤ እኔ እታለም እያልኩ ነው የምጠራት።

የመጀመሪያውን ዓመት ሳስበው አፍራለሁ። ማስታወሻ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፣ ወጪና ገቢ እጠይቃለሁ፣ ስለ ቁጠባ እመክራለሁ። እሷ "እሺ እትዬ" ትላለች። ቡና ሳታፈላ ሸኝታን አታውቅም፤ ስኳሩ ከጎረቤት የሚበደር መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለመስቀል ጤፍ ሰጠናት፣ ለትምህርት መክፈቻ ደብተር ገዛን። ገንዘቡ ግን እንደ ወንፊት ውኃ ይፈስሳል። ከሦስታችን አንዷ "ይቺ ሴት አባካኝ ሳትሆን አትቀርም" እስከማለት ደርሳ ነበር፤ እኔም አልተከራከርኳትም።

ኅዳር 2015 አባቴ ሞተ። እታለም ከማንም ቀድማ መጣች። ሦስት ቀን ከጓሮ አልተለየችም፤ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ድስት ታጥባለች። በሦስተኛው ሌሊት ለቀስተኛው ሲሳሳ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጉልበቴን ያዝ አደረገችና "አይዞሽ እቴ" አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ስለ አባቴ አወራን፣ ስለ ባሏ አወራን። ሊነጋጋ ሲል ገመናዋን አወጣችው። ባሏ ታሞ በተኛ ጊዜ ከአራጣ አበዳሪ 8,000 ብር ወስዳለች፤ በወር 10 በመቶ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ስልኬን አውጥቼ አብረን አሰላነው። ወለዱ በወር 800 ብር። ከመስከረም 2014 እስከ ጥቅምት 2015 ለ14 ወር ሳታቋርጥ ከፍላለች፤ 11,200 ብር። ዋናው 8,000 እንዳለ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። የመስቀሉ ጤፍም ተሽጦ እዚያው ገብቷል። እኛ ስንመክራት የከረምነው ቁጠባ ለማናውቀው ሰው ኪስ ነበር። ለምን ቀድማ አልነገረችንም? ለሚረዳ ሰው ዕዳ አይነገርም፤ ይታዘበኛል ይባላል። ሐዘንተኛ ለቅሶ ቤት ስትመጣ ግን እኩል ነች፣ እንዲያውም ያን ሌሊት ደጋፊዋ እሷ፣ ተደጋፊዋ እኔ ነበርኩ።

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አልነበረም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየወሩ 500 ብር የሚጣልበት፣ 16 ሰው ያለበት አዲስ እቁብ ልንጀምር ነበር። እሷን አስገባናትና የመጀመሪያውን 8,000 ያለ ዕጣ እንዲሰጧት ሰብሳቢውን ለመንኩ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ አይፈረድባቸውም፣ አያውቋትም። "ዋስ ማን ነው?" ሲባል እኔ ፈረምኩ። ታኅሣሥ 2015 የአራጣው ሰነድ ተቀደደ። ከዚያ ወዲያ በወር የምታወጣው ከ800 ወደ 500 ወረደ፣ እሱም 16 ወር ቆጥሮ የሚያልቅ ነው። ስለ ቁጠባ ካስተማርኳት ሁሉ ያቺ ፊርማዬ በለጠች።

ገቢዋን የለወጠው ደግሞ ከእኛ ራስ ያልወጣ ነገር ነው። ለገና ጠላ ልጠምቅ ጌሾ ገዝቼ ነበር። እታለም ቡና ልትጠጣ መጥታ ከጆንያው ጭብጥ አድርጋ ወሰደች። ቅጠሉን በሁለት መዳፏ አሸችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ጣቷን በብርሃን በኩል አዙራ የቀረውን ቀለም አየች። "ይሄ ከርሟል" አለች። "እንጨትም አድቅቀው ደባልቀውበታል። ስንት ከፈልሽ?" ስነግራት ሳቀችብኝ። ከየት አወቅሽ ብላት "ዜጌ ተወልዶ ጌሾ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ። ዜጌ ጣና ዳር ያለ፣ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው፤ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። የትውልድ ቦታዋን በመጀመሪያው ቀን ነግራኝ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ገጹን ገልብጬ አልፌዋለሁ።

"ምጣዱን ልሽጠው?" ያለችው ያኔ ነው። ያንቺ ነው አልኳት። በሸጠችበት ገንዘብ ሁለት ጆንያ ጌሾ አመጣች። ከዜጌ በጀልባ የሚመጡት ሴቶች አባቷን ያውቃሉ፤ ግማሹን በዱቤ ይሰጧታል። ቅጠሉን ለጠላ ጠማቂዎች፣ እንጨቱን ለጠጅ ቤት ለይታ ታቀርባለች። አሁን ቡናም ጨምራለች። የደንበኛ ዱቤ የምትመዘግብበትን ደብተር እኔ አሰመርኩላት፤ በሙያዬ የረዳኋት ይህችን ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የምታጠና የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ "አክስቴ፣ የተጠና ነገር እኮ ነው" አለችኝ። እ.ኤ.አ. 2015 የታተመ አንድ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከ10,000 በላይ ድሃ ቤተሰቦችን ተከታትሏል። ግማሾቹ የሚያረቡት ከብት ወይም ሌላ መነሻ፣ ለጊዜው የሚሆን ቀለብ፣ የቁጠባ ዕድልና ቤታቸው ድረስ እየመጣ የሚጠይቃቸው ሰው ሁለት ዓመት አገኙ። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ካላገኙት ይልቅ ኑሯቸው የተሻለ ነበር። ሁሉም ባንድ ላይ ስለተሰጠ የጠያቂው ድርሻ ስንት እንደሆነ ለብቻው አይለይም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካኖቹ ነው፤ 72 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ አዩ። ድሃና ሀብታም ይበልጥ በሚወዳጅበት አካባቢ ያደጉ የድሃ ልጆች ሲያድጉ የተሻለ ያገኛሉ። ዋስ የሚሆን ሰው ማወቅ ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ የእህቴ ልጅ በአተረጓጎሜ አልተስማማችም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ ኢንተርኔቱም ሲቋረጥ ጌሾው አልመጣም፣ እሷም ሁለት ወር እቁብ መጣል አቃታት። 1,000 ብሩን ዋስ ነኝና ከፈልኩ። ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ኅዳር ላይ ራሷ አምጥታ መለሰችልኝ፤ መጋቢት 2016 እቁቡ አለቀ።

እንደ አዲስ ብጀምር ዕቅድ ሳልጽፍ ጥቂት ወር ቡና ብቻ እጠጣለሁ፤ እኔ ቤትም እሷ ቤትም በተራ። ደብተሩንም ቤት ጥዬው እሄዳለሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ምጣዱን ያስረከብን ዕለት ፎቶ አንሥቼ በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፤ እሷ ጎንበስ ብላ ስትቀበል፣ ልጆቿ ከኋላ ቆመው። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞሮ የመጀመሪያ ልጇ ክፍል ደረሰ። ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ምን እንዳሉት አልነገረንም። በዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ፣ አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። አጥፍቻለሁ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ "ችግር የለውም" አለኝና ሄደ። ከሦስታችን የአንዷ ባል የማታ ትምህርት ሊያስመዘግበው ስንት ጊዜ ቀጠረው፣ አይመጣም። እናቱ "ተዉት፣ ጊዜ ስጡት" ትላለች።

ባለፈው እሑድ ቡናው እኔ ቤት ነበር። ልጁ እናቱን በራችን ላይ አወረዳት። ና ግባ ብዬ ወጣሁ፤ ከባጃጁ ሳይወርድ ጡሩምባውን አንዴ ነፋልኝና ሄደ።