«የሷን ብቻ ውሰዱ»

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ የኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት የዘረመል ጥናት ላይ ናሙና እሰበስብ ነበር። ሥራው ከልጁ፣ ከእናትና ከአባት ምራቅ መውሰድ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም አይቀመስም፤ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ በማይወጣበት ቤት ይሄ ራሱ ጭንቅ ነው።

አንድ ቤት ገባን። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም፤ የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ እያሽከረከረ ጆሮውን ወደ ድምፁ ያስጠጋል። ብልቃጦቹን ሳወጣ የአባቱ እናት ከመደባቸው ተነሱ።

«የሷን ብቻ ውሰዱ። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ የለም።»

አባትየው ዝም። እናትየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው ሲባልባት የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ደግሞ እኛ ሳይንስ ይዘን ልንጨምርባት ነው።

ዶክተሯ «መልሰው» አለችኝና አያትየው አጠገብ ተቀመጠች። «እማማ፣ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም የመጣነው። የልጁን ከሁለቱም ጋር እናስተያያለን። አንዳንዴ የዘረመል ለውጡ እናትም አባትም ላይ የለም፤ ልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው። ሌላ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ተጠራቅሞ ነው።»

ጥግ ላይ የነበሩት መሪጌታ ቀበል አደረጉ። «ብራና ሲገለበጥ ፊደል እንደሚሳተው ነዋ! ዋናው መጽሐፍ እኮ ደህና ነው።» እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ፈረንጆቹም ኦቲዝም ከእናት ፍቅር ማጣት ይመጣል እያሉ ስንቷን እናት ሲወቅሱ ኖረዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንግሊዝ ውስጥ መንትዮችን አጠኑ። ዘረመላቸው አንድ ከሆነ 11 ተመሳሳይ መንትያ ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከ10 የማይመሳሰሉ ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ ላይ አልተገኘም። ያኔ እናቶችን ነፃ ያወጣው ዘረመል፣ እዚህ ቤት ምስክር ሆኖ ሊቆምባቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አማት ካለች አማትም፣ አያት ካለ አያትም ሳይሰማ የናሙና ሣጥን አንከፍትም።

ሦስቱም ሰጡ። እናትየው መጨረሻ ላይ «ታዲያ ይናገራል?» አለች። ዶክተሯ አልዋሸቻትም። ምራቁ ይህን አይነግረንም አለቻት። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ካዘጋጀው ሥልጠና የምታውቀውን እያሳየቻት፣ ልጁ በሚጫወትበት ነገር አብራው እንድትጫወት፣ ስትጫወትም አጭር አጭር ቃል እንድታወራው እያስረዳቻት ብዙ ቆየች። መኪናው እየጠበቀን ነበር፣ ይጠብቅ አለች።