14 ቀን አይበቃም፦ ኤንጅልፊሽና ዲስከስን አብሬ ሳኖር የደረሰብኝ

ኤንጅልፊሽና ዲስከስ የሚባሉት የቤት ገንዳ ዓሦች አብረው ይኖራሉ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው «ይጣላሉ» ይላችኋል። እኔም ጸቡን ስጠብቅ ከረምኩ። ዲስከሶቼን የገደለብኝ ግን ጸብ አልነበረም። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዝግጅቱን ቶሎ ልለፈው። ገንዳው 400 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱም ዓሦች ወደ ላይ ስለሚረዝሙ ቁመቱን 60 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። ፊልተሩን ያለ ዓሣ፣ አሞኒያ እየጨመርኩ፣ ስድስት ሳምንት አሠራሁት። ዓሣን የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ላይ ሲረጉ ሙቀቱን 29 ዲግሪ አድርጌ ስድስት ዲስከስ አስገባሁ። በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ እቀይራለሁ። ስምንት ወር ያለ ኮሽታ አለፈ።

ከዚያ ነው ኤንጅልፊሽ ያማረኝ። ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ፣ ሁለቱም የአማዞን ልጆች፤ ዘመድ ከዘመዱ ቢኖር ምን አለበት አልኩ። አራት የሸጠልኝ ሰው «ለይተን አቆይተናቸዋል፣ ንጹህ ናቸው» ሲለኝ አላመንኩትም። በዚህች እስከ ዛሬ እኮራለሁ። በሌላ ትንሽ ገንዳ ለብቻቸው 14 ቀን አቆየኋቸው፤ ያነበብኩት ሁሉ ሁለት ሳምንት ነዋ የሚለው! ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ክንፋቸው ዝርግት ብሏል። በ15ኛው ቀን አዛወርኳቸው።

ዘጠኝ ቀን ምንም የለም። በአሥረኛው ጠዋት መብራቱን ሳበራ ትልቁ ዲስከስ ከሂተሩ ጀርባ ጠቁሮ ቆሟል። ቀርቤ ሳየው የሚተነፍሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። የቀኙ የስንጥብ ክዳን ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፣ የግራው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል። እያየሁት ድንገት ተወርውሮ ጎኑን ከእንጨቱ ጋር ፈተገና ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ።

ምልክቱ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። እኔ ግን ጸብ ስጠብቅ ስለነበር ጸብ አየሁ። «ኤንጅልፊሾቹ አስጨንቀውት ነው» ብዬ መደበቂያ እንዲበዛለት እንጨቱን ከወዲያ ወዲህ ሳዟዙር ሦስት ቀን አባከንኩ። ውሃውን ለካሁ፦ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። «ውሃው ደህና ከሆነ ዓሣውም ደህና ነው» የምትለዋን አባባል ማን እንዳወጣት ባውቅ ደስ ይለኛል።

በአራተኛው ቀን ሌሎች ሦስት ጠቆሩ። ያን ጊዜ የሁሉንም ሰው ምክር ሰማሁ፦ ዲስከስ ሲታመም ሙቀት ጨምር። ሂተሩን 33 ዲግሪ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ዛሬም ሳስበው አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኼ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል ላይ በ25 ዲግሪ በሊትር ወደ 8.3 ሚሊ ግራም የሚይዘው ውሃ በ33 ዲግሪ ወደ 7.2 ይወርዳል። የዓሣው ሰውነት ደግሞ በሙቀት የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። እነዚያ ዲስከሶች ቀድሞውኑ መተንፈሻቸው ተጎድቷል። እኔ የቀረችዋን አየር ቀነስኩባቸው። ጠዋት ስነሳ ሁለቱ በጎናቸው ተኝተዋል፤ የተረፉት አፋቸውን ከውሃው ወለል ጋር አጣብቀው ያለከልካሉ። ኤንጅልፊሾቹ? ምግብ እየጠበቁ ነበር።

ማይክሮስኮፕ ተውሼ ከሞተው ዓሣ ስንጥብ ጫፍ ቆርጬ ተመለከትኩ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ትሎች በአንድ ጫፋቸው ሥጋው ላይ ተሰክተው እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ ይሰበሰባሉ። በሌላው ጫፋቸው አራት ጥቁር ነጥቦች አሏቸው፤ ዓይኖቻቸው መሆናቸው ነው። የስንጥብ ትል ነበር። ኤንጅልፊሾቹ አብረውት ስላደጉ ጥቂቱን ተሸክመው ምንም ሳይመስላቸው ይኖራሉ። ዲስከሶቼ ግን ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም።

ሙቀቱን ቀስ ብዬ ወደ 29 መለስኩ፣ የአየር ፓምፕ ጨመርኩ፣ ፕራዚኳንቴል አደረግኩ፤ ለሰው የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይነካም። ስለዚህ የተፈለፈለውን ለመያዝ በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ደገምኩ። አራቱ ዲስከሶች ተረፉ።

አሁን የማደርገው ከመመሪያው አይገጥምም፣ ደስ ያለው ይከተል። አዲስ ዓሣ ስድስት ሳምንት ለብቻው ይቆያል። ምልክት ባያሳይም የትል መድኃኒት እሰጠዋለሁ። «ጤነኛ ዓሣ መድኃኒት አይሰጠውም» የሚሉ አሉ፤ የእኔዎቹም ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ከስድስት ሳምንቱ በኋላ ከራሴ ዲስከሶች አንዱን እነሱ ጋ አስገብቼ ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ። ጭካኔ ነው የሚለኝ አይጠፋም። አንዱን አደጋ ላይ ጥሎ ሌሎቹን ማዳን ነው፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ጸብ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ኤንጅልፊሾቹ ተጣምረው የፊልተሩ ቱቦ ላይ እንቁላል የጣሉ ጊዜ የገንዳውን ግማሽ ይዘው ዲስከሶቹን ጥግ አስያዟቸው። ቱቦውን አውጥቼ ጠረግኩት፣ በማግስቱ ሰላም ወረደ። ከጸቡ ይልቅ የሚያሳስበው አበላሉ ነው። ኤንጅልፊሽ ይሻማል፤ ዲስከስ ምግቡን አይቶ፣ ዞሮ፣ አስቦ ነው የሚቀምሰው። ስለዚህ ለኤንጅልፊሾቹ በአንዱ ጥግ ተንሳፋፊ ምግብ እበትንና እነሱ እዚያ ሲጠመዱ ለዲስከሶቹ በሌላው ጥግ የሚሰምጥ እጥላለሁ። ሆዳቸው የሞላ ኤንጅልፊሾች ጣልቃ አይገቡም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በእነዚያ 14 ቀናት ለሁለቱም ገንዳ የምጠቀመው መረብ አንድ ነበር፣ ውሃ መሳቢያው ጎማም እንዲሁ። 60 ቀን ባቆያቸው እንኳ ትሉ በእርጥቡ መረብ ሊሻገር ይችል ነበር። አሁን የትንሹ ገንዳ መረብ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ቤት ውስጥ ያ መረብ ያለ ቦታው ከተገኘ ያስቀመጠውን ሰው አያድርገኝ።