ሥሩን ሳላይ የገዛሁት ችግኝ

«ላስቲኩ ከተቀደደ ማን ይገዛዋል?»

እንዲህ ያለኝን ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አራት ዓመት ሆኖታል።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ የአንድ ግቢ የአትክልት ቦታ ኃላፊ ነኝ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ባሚያ እናለማለን። ከግቢው የተረፈው ከፊራ ገበያ ይሄዳል። ያን ዓመት ራሳችን ችግኝ ስላላፈላን ከአንድ ችግኝ ጣቢያ 400 የቲማቲም ችግኝ ልገዛ ሄድኩ። ቅጠላቸው አረንጓዴ፣ ግንዳቸው ወፍራም፤ ዓይን ይስባሉ። ሰውየው «ይሄ ዝርያ ኔማቶድ አይነካውም» አለኝ። ኔማቶድ አፈር ውስጥ የምትኖር፣ ሥር የምታጠቃ ደቃቅ ትል ናት። አንዱን ቀዶ ሥሩን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ከላይ ያለውን መለሰልኝ። እኔም ዝም ብዬ አስጫንኩ።

በ40 ቀኑ አካባቢ ነገሩ ተበላሸ። ቀትር ላይ ተክሉ ይጠወልጋል፤ ማታ ቀና ይላል። ውሃ ጨመርን። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ዩሪያ ሰጠን። ምንም ለውጥ የለም። አብረውኝ የሚሠሩት አባባ አንድ ቀን ጠዋት አንዱን ነቅለው ጠሩኝ።

«አቦ ና እስቲ! ይሄ የቲማቲም ሥር ነው ወይስ ዝንጅብል?»

ሥሩ ከላይ እስከ ታች አብጦ፣ ተቋጥሮ ነበር። አንድ ባልደረባችን «የባቄላ ሥርም እንዲህ እባጭ አለው፤ ጥሩ ምልክት ነው» አለ። አይደለም። የባቄላው እባጭ ሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው፤ በጥፍር ቢነኩት ይወድቃል። የኔማቶዱ ግን ራሱ ሥሩ ነው ያበጠው። ላንሳው ብትል ሥሩ ይበጠሳል። ትሏ በዓይን አትታይም። ሥር ውስጥ ገብታ እዚያው ትወፍራለች፤ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንደኛ ባለ ሞቃት አፈር ከእንቁላል እስከ እንቁላል አንድ ወር አይፈጅባትም። ውሃና ምግብ የሚያልፍበትን ሥር ስለምታውከው ነው ቀትር ላይ የሚጠወልገው። ዩሪያ ብታፈስበት ምን ይሠራል?

ኒሙ ጥላ ሥር ሳይተከሉ የቀሩ 30 ያህል ችግኞች ነበሩ። አባባ ውሃ እያጠጡ አቆይተዋቸዋል። ላስቲካቸውን ቀድጄ በባልዲ ውስጥ አጠብኳቸው። እነሱም ቋጥረዋል። የኛን መሬት ጨርሶ ያልነኩ ችግኞች! አምስቱን በፌስታል ይዤ ወደ ሰውየው ሄድኩ።

«የናንተ አፈር ነው» አለኝ።

«እነዚህ አልተተከሉም። ያሉት አንተው በሞላኸው አፈር ውስጥ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ ሙቀቱ ነው። ይሄ ዝርያ ሙቀት ላይ መቋቋም ያቅተዋል» አለ።

የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። የመቋቋም ባሕሪው ከዱር ቲማቲም የመጣ ነው፤ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ እየላላ ይሄዳል። የድሬ አፈር ደግሞ 28ን ለማለፍ ብዙ አይቸገርም።

«ይህን እያወቅክ ለድሬ ሰው ‹አይነካውም› ብለህ ትሸጣለህ?» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ሌላ ደንበኛ መጣና ወደዚያ ዞረ። ገንዘቡ ይቅር። ኔማቶድ በራሷ ብትሄድ በዓመት አንድ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሩቅ የሚወስዳት ሰው ነው፤ በችግኝ፣ በዶማ ላይ በቀረ አፈር፣ በመስኖ ውሃ። ከሱ የገዛው ሰው ሁሉ መሬቱ ላይ ምን እንደተከለ ሳስብ ነው ዛሬም የሚቆጨኝ።

ተክሉን ከነሥሩ ነቅለን አቃጠልን። ኮምፖስት ውስጥ አንድም አልጨመርንም። ዶማና አካፋውን አጠብን። ግንቦት ሲገባ መደቡን አለስልሰን፣ በደንብ አጠጥተን፣ ነጭ ላስቲክ አለበስነው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ማለቴ ነው፤ ጥቁሩ አፈሩን እንደሱ አያሞቅም። ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ቀበርን። ስድስት ሳምንት አልነካነውም። ያንን ዝርያ ያሸነፈው የድሬ ፀሐይ እዚህ ላይ ለኛ ሠራ፤ ላስቲኩ ሥር አፈሩን አግሎ ትሏን ገደለልን። ሲከፈት የኒም ቅጠል ቆራርጠን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልን።

በቀጣዩ ወቅት የነቀልነው ሥር ሁሉ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ግን አንድ ጥግ ላይ ቋጠሮ ተመለሰ። ሙቀቱ የላይኛውን አፈር ነው የሚያበስለው፤ ጠልቃ የተረፈችው ቀስ ብላ ትወጣለች። ያንን ጥግ ባለፈው ግንቦት እንደገና አለበስነው።

ችግኝ አሁንም አንዳንዴ እገዛለሁ። ከመጫኔ በፊት የአንዱን ዋጋ እከፍላለሁ፣ እዚያው ላስቲኩን እቀዳለሁ፣ ሥሩን አጥባለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ገና አፌን ሳልከፍት ራሷ ቀደደችልኝ። ሥሩ ነጭ፣ ቀጭን፣ ለስላሳ ነበር። ከሷ 200 ችግኝ ገዛሁ።