ፍሪዘር ውስጥ የቀለጠ ሥጋ፦ መሐሉን ሳይሆን ዳሩን እዩ

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሁላችንም እጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፍሪዘር ነው። የሥጋው ላስቲክ መሐሉ ላይ ጫን ይደረጋል፤ ድንጋይ ከሆነ «ተመስገን፣ አልቀለጠም» ተብሎ በሩ ይዘጋል። ችግሩ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ሥጋ የሚቀልጠው ከዳር ወደ መሐል ነው፤ ባክቴሪያም በብዛት ያለው ላዩ ላይ ነው። ከቅርጫ የደረሰ የ3 ኪሎ ሙዳ፣ በተለይ ከፍሪዘር ውጭ ከቆየ፣ ልቡ እንደ ብረት ጠንክሮ ሳለ ላዩ ለሰዓታት ለብ ብሎ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሥጋው ሊያልፈው የማይገባው ልክ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ አሜሪካ ላለን 40 ፋራናይት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መመሪያ አጭር ነው፦ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ወይም ከ40 ፋራናይት ያላለፈ ምግብ ይበስላል ወይም ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በላይ ሞቆ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣና ወጥ ይጣላል። አካባቢው ከ90 ፋራናይት በላይ ከሞቀ ደግሞ ሁለቱ ሰዓት ወደ አንድ ይወርዳል። በጁን 2012 መጨረሻ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢውን ማዕበል መትቶ ብዙ ቤት ለቀናት ያለ መብራት ሲቀር ውጭው የሚያቃጥል ሙቀት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ያለ ፍሪዘር ሳሎን አጠገብ ካለው ቀድሞ እጅ ይሰጣል።

ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24። የታችኛው ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በረዶው ራሱ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። ስለዚህ በረዶ እስካለ ድረስ የሚገባውን ሙቀት ሁሉ ይውጠዋል፤ ዙሪያው ያለውም አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። «የበረዶ ቅንጣት ካለበት ይተርፋል» የሚለው ደንብ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ለተዘጋ ፍሪዘር። መኪና ኋላ ተጭኖ የከረመ ወይም ማታ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ያደረ ሥጋ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ዳሩን የሚነካው አየር የክፍል ሙቀት ስላለው መሐል ላይ የቀረው በረዶ ለማንም አይመሰክርም።

ቀጭን ጫፍ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይህን ሁሉ ግምት ያስቀራል። መጀመሪያ በረዶ በሞላበት የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይነከር፤ 32 ፋራናይት አካባቢ ካላነበበ አትመኑት። ከዚያ ሥጋው ጥግ ላይ፣ ከላዩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ አድርጋችሁ ለኩ። የሥጋው ላስቲክ ቀጭን ከሆነ ሳትቀድዱት የቴርሞሜትሩን ጫፍ በላስቲኩ ጠቅልሉት። አንድ ለክቶ ለሁሉም መፍረድ አይሆንም፤ ከላይ፣ ከበሩ አጠገብና ከታች ያሉት የተለያየ ንባብ ይሰጣሉ።

አስቸጋሪው ቁሌትና ወጥ ነው። ወጥ ጨው ስላለው የሚቀዘቅዘው ከ0 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው፤ እውነተኛ በረዶ ካለበት ያ ቦታ ገና ከ0 በታች ነው ማለት ነው፣ መልካም። የሚያታልለው ቅቤው ነው። የረጋ ቅቤ ፍሪጅ ውስጥም፣ ብርድ ባለበት ክፍል ጠረጴዛ ላይም ይጠነክራል። ከላይ ቀላ ብሎ የጠነከረውን ሽፋን በማንኪያ ስበሩት፦ በረዶ ከሆነ ይንኮሻኮሻል፣ ቅንጣቱ ይታያል፤ ቅቤ ከሆነ እንደ ሰም ይላጣል። ከሥሩ ያለው ቁሌት ፈሳሽ ሆኖ ካገኛችሁት ቴርሞሜትሩ ይፍረድ።

«መልሰን ብናንተከትከውስ?» የሚባለውም አያዋጣም። መፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ አንዳንዱ ግን ቀድሞ የረጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። መቅመስም መፈተሻ አይደለም። ማሽተትም እንዲሁ፦ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ ሽታ አይቀይሩም፤ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ባለበት ድስት ደግሞ ምን ይሸታል?

ክትፎ ላይ ድርድር የለም። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ሲቀልጥ ይነቃል። ሥጋው ሲከተፍ ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለክትፎ የተቀመጠ ሥጋ አንዴ ከቀለጠ ጥሬም ለብለብም አይሆንም። ከ40 ፋራናይት ካላለፈ ምንቸት አብሽ ይሁን፣ 160 ፋራናይት እስኪደርስ ይብሰል። ዶሮ 165 ነው። ዱለትና ሌላው የሆድ ዕቃ ከተጠራጠራችሁ ይጣል፤ አይብም እንዲሁ።

እንጀራ በዚህ በኩል ገር ነው። ቢቀልጥ የሚያሰጋው ላብ ነው፦ ይጣበቃል፣ ከቀናት በኋላ ይሻግታል፤ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ይፈረካከሳል። የሥጋ ደም ከተንጠባጠበበት ግን ወዲያው ይውጣ። ጥሬ ሥጋ ትሪ ላይ ሆኖ ከታች የሚቀመጠው ለዚህ ነው። በርበሬና ሽሮ እርጥበት ካልገባባቸው ምንም አይሆኑም።

የተረፈውን ጥሬ ሥጋ መልሶ ከማቀዝቀዝ ቀቅሎ ወይም ቁሌት ውስጥ ጨምሮ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ሁለቴ የቀዘቀዘ ሥጋ ውሃውን ይለቃል፤ ለጥብስ ይደርቃል፣ ለወጥ ያልፋል።

መብራቱ ገና ካልመጣ በሩን አትንኩ። 50 ፓውንድ ድራይ አይስ (የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ባለ 18 ኪዩቢክ ጫማ ሙሉ ፍሪዘርን 2 ቀን ያህል ይይዛል፤ በባዶ እጅ አይነካም፣ መስኮት በተዘጋ መኪናም አይጫንም፣ ጋዙ ያፍናል። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ላይ እንደሆነው ውጭው ከበረደ ምግቡን በረንዳ ላይ አታውጡ፤ ፀሐይ ያገኘዋል፣ እንስሳም አለ። ባልዲ ውሃ ውጭ አቀዝቅዛችሁ በረዶውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

ለአንድ ወር አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዙና ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጡ፤ ቅዝቃዜ ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይኛው መደርደሪያ ይሁን። ሳንቲሙ የሚናገረው ስለቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ስትመለሱ ሰምጦ በላዩ በረዶ ከሠራ ሥጋው ምንም ድንጋይ ቢመስል አትመኑት። ላስቲኮቹም ይናገራሉ፦ የተፈጨው ሥጋ የመደርደሪያውን ሽቦ ቅርጽ ይዞ ከተጋደመ፣ ሥሩ የረጋ ደም በረዶ ሆኖ ካለ፣ እናንተ ሳትኖሩ ቀልጦ ተመልሶ ቀዝቅዟል። ስንት ሰዓት ሞቆ እንደቆየ የሚነግራችሁ ስለሌለ ይጣል።