የካርቶን ዘውድ
ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን የአገራቸውን የክርስትና ታሪክ ላስተምራቸው ተነሳሁ። ወንዱ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 8። ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ መዝሙሩን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ለዚህ ሥራ ያነሳሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ልጄ ከሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ጋር ኳስ ሲጫወት ተጣሉ። «ኢትዮጵያ እኮ የክርስቲያን አገር ናት» ሲለው በመስኮት ሰማሁት። ያ ልጅ ምንም አልመለሰም። ኳሱን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ።

ዝም ማለቱ አንጀቴን በላው። ጅማ ነው የምንኖረው። ከእነሱ ጋር አጥራችን አንድ ነው፣ ለቅሶውም ሰርጉም አብረን ነው። ልጄ ይህን ከየት አመጣው ብዬ ሳስብ፣ ታሪኩን በግማሹ የነገርኩት እኔው ነኝ።

በሳንቲም ጀመርኩ። ከዘይት ካርቶን ክብ ክብ ቆረጥን፣ እርድ በውኃ በጥብጠን ወርቅ አስመሰልነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ሳንቲሞቹ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፤ ከተቀበለ በኋላ መስቀል ሆነ። ልጆቹ ሁለቱንም ሣሉ። እየሣሉ የፍሬምናጦስን ታሪክ ነገርኳቸው፦ በልጅነቱ ከመርከብ ላይ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት ማደጉን፣ በኋላ እስክንድርያ ሄዶ በፓትርያርኩ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ መሾሙን፣ ሕዝቡ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ማለቱን። ሴቷ ልጄ ብሩሿን አቁማ «ንጉሡ መስቀል ሲያደርግ ጨረቃ ያመልኩ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?» አለችኝ። የትም አልሄዱም፣ እዚያው ነበሩ አልኳት። ንጉሥ ቢያምንም አገር በአንድ ቀን አያምንም። ዘጠኙ ቅዱሳን የምንላቸው መነኮሳት ከውጭ መጥተው ወንጌልን በየገጠሩ ሲያስፋፉ ከኢዛና በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ያን ቀን የጎረቤቴ ልጅም ከልጆቼ ጋር ተቀምጦ ይቀባ ነበር። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ማታ በር ተንኳኳ። እናቱ ናት። መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ቢጫ የካርቶን ሳንቲም፣ መሐሉ ላይ መስቀል። ከልጇ ኪስ ያገኘችው ነው። አልጮኸችም። «እህቴ፣ ምን እንደምታስተምሪው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ በልቤ ክፋት አልነበረኝም። ግን ልጄ ከሰው ቤት ስለ ሌላ እምነት ተምሮ፣ ምልክቱን በኪሱ ይዞ ቢመጣ ምን ይሰማኝ ነበር? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ይህን አንቀጽ ላስተምር ደብተር ላይ ጽፌው ነበር እኮ! ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጆቼ ፊት ነው የጠየቅኳት፣ እንዲያዩ ስለፈለግኩ። ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ የሰው ልጅ ከማስተማራችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ።

የሃይማኖት ነፃነት የሚለው ቃል ለልጅ ከባድ ነው። እኔን የረዳኝ የሰርግ ድስት ነው። እዚህ ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል። ልጆቹ ከልጅነታቸው ያዩትን ነው። «ለምን ሁሉም አንድ ላይ አይበላም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንዲመጡ ስለምንፈልግ ነዋ» አለ ልጄ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላውን በግድ ማሳመን እንደማይችል፣ እምነቱን በግድ ማስተውም እንደማይችል ማስረዳት ቀላል ሆነ።

የክርስቲያን አገር ለሚለው ንግግሩም መልስ ነበረብኝ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። በሚያዝያ 1966 ሙስሊሞች እኩልነት እንጠይቃለን ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ዛሬ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 የመንግሥት ሃይማኖት አይኖርም ይላል።

ከሁሉም የከበደኝ መጥፎውን መንገር ነበር። ብዙ ሰው ለልጅ አይነገርም ይላል። እኔ አልስማማም። ዛሬ ከእኔ ካልሰሙት ነገ ከስልክ ላይ፣ ከነቂሙ ይሰሙታል። ስለዚህ ለትልቁ ወሎ ውስጥ ስለተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነገርኩት፦ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ማዘዛቸውን፣ የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል መባሉን፣ እምቢ ያሉት መሰደዳቸውን። «የእኛ ንጉሥ?» አለኝ። አዎ፣ የእኛ። ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። በ2003 እዚሁ ዞናችን ውስጥ አሰንዳቦ ላይ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውንም አልደበቅኩትም። ደርግ በ1971 ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም የፕሮቴስታንቷን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም መግደሉንም ነገርኩት። በአንድ ቀን ከአንዱ በላይ አይሆንም ግን። እኔ ሦስቱን በሁለት ቀን ጨረስኩና ልጄ ሌሊት ሲባንን አደረ። ያ የእኔ ጥድፊያ ነው።

ሙስሊሞች ነጃሺ ወደሚሉት የአክሱም ንጉሥ ታሪክ ስንመጣ ጎረቤቴን አስቀድሜ ጠየቅኳት። «የነጃሺን ከሆነማ እኔም እመጣለሁ» አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ከመካ የሸሹ ሙስሊሞች ወደ አክሱም መጡ። የመካ ገዢዎቹ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልክተኛ ላኩ፣ ስደተኞቹን መልስልን ብለው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ሁለቱንም ወገን ሰማ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል ሲያነብለት አለቀሰ፤ ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን አስቀረ ይላል ትውፊቱ።

ልጆቹ ተከፋፈሉት። የካርቶን ዘውድ ሠራን። ሴቷ ልጄ ንጉሥ፣ የጎረቤቴ ልጅ ጃዕፈር፣ ታላቁ ልጄ መልክተኛ። ስጦታው አንድ ጭብጥ ከረሜላ ነው። ንጉሣችን ከረሜላውን አየች፣ አንዱን ልጣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ «ውሰዷቸው!» አለች። የጎረቤቴ ልጅ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ጨዋታ መሆኑን ያውቃል፣ ግን ሞላ።

ልገባ ስል ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ተይ፣ በዓይኗ። ልጄ ጉንጯ በከረሜላ እንዳበጠ አየችው። ከዚያ ከአፏ አውጥታ፣ የቀረውን ጭምር ለወንድሟ መለሰችለትና «አልሰጥም። እዚህ ይቀመጣሉ» አለች።

ቡና ስንጠጣ ጎረቤቴ ንጉሡን እነሱ አስሐማ እንደሚሉት ነገረችን። ልጆቹ ስሙን አያውቁም ነበር። ታላቁ ልጄ እስክሪብቶ አመጣና ዘውዱ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ጓደኛውን ጠየቀው። ሁለቱ ተጠጋግተው ጻፉት፤ ሐ ይሁን ሀ ትንሽ ተከራከሩ።